በሞቴ ያላለኝ ኮሪያዊ

አንድ ልጅ በድያለሁ። አፌ አምልጦኝ ወይም ሳላውቅ አይደለም፤ ወራት አስቤበት፣ ምቹ ቀን ጠብቄ፣ ፈገግ ብዬ ነው የበደልኩት። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ እንዳይመስላችሁ። በጊዜው ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዴት ደስ እንዳለኝም ልነግራችሁ ነው።

ላስ ቬጋስ ውስጥ ካዚኖዎቹ በኮሮና ሲዘጉ እኔም ከአንድ ትልቅ ሆቴል የድግስ አዳራሽ ተቀነስኩ። ሥራዬ ወንበርና ጠረጴዛ መደርደር ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ ግን ድራፍትማን ነበርኩ፤ ሌሎች የሚፈርሙበትን የሕንፃ ንድፍ ስስል ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ተምሬ አርክቴክት እሆናለሁ፣ በራሴ ስም እፈርማለሁ ብዬ ነበር። መጥቼ አራት ዓመት ወንበር ደረደርኩ። ስለዚህ ሆቴሉ ሲያሰናብተኝ ይኼማ የተሰጠኝ ጊዜ ነው ብዬ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዘገብኩ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር።

ትምህርቱ በዙም ነው። መምህሯ ሁለት ሁለት አድርጋ ስታጣምረን ለእኔ የደረሰኝ የሃያ አንድ ዓመት ኮሪያዊ ሆነ። ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ሰፈር አክስቱ ዘንድ ይኖራል፤ እንደኔው ወደ አርክቴክቸር ትምህርት ቤት ለመግባት የሚዘጋጅ ነው። በተገናኘን በመጀመሪያው ቀን ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ስነግረው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝና ከዚያ ወዲያ «ህዮንግ» ይለኝ ጀመር፤ ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ዕቃ ሲያቀብለኝ በሁለት እጁ ነው። እኔ ሳልቀመጥ አይቀመጥም። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎን አይለይም፤ ከሱ አፍ ሲወጣ ግን ሁሉም እርስዎ ይመስለኝ ነበር። ወደድኩት፣ ምን ልዋሽ።

አብረን የምንሠራውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰንራይዝ ማነር እኔ ሰፈር ጥላ የሌለው የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። በሐምሌ ፀሐይ ሰዉ በምልክቱ ብረት ጥላ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ ይቆማል፤ ጥላው የአንድ ክንድ ስፋት እንኳ የለውም። አራት ዓመት ወደ ሺፍቴ ስሄድ እዚያ ሰልፍ ውስጥ ቆሜያለሁ። የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ ከየት በኩል እንደምታንገበግብ ማሽን አያስፈልገኝም፣ ማጅራቴ ያውቀዋል። ስለዚህ ለፌርማታው ጥላ አሰብኩ፤ ጣውላዎቹ ወደ ምዕራብ ያዘነበሉ፣ ንፋስ የሚያስገቡ፣ ፀሐይ የማያስገቡ። እኔ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን፣ ማስክ አጥልቀን፣ እኔ ሞዴሉን በቢላ እየቆረጥኩ እሱ በኮምፒዩተር እየሳለ ስድስት ሳምንት ለፋንበት። መምህሯ ካየችው ሁሉ አስበለጠችው።

ኅዳር ላይ፣ ሁለታችንም ለየትምህርት ቤቱ የምንልከውን የሥራዎቻችንን ስብስብ፣ ፖርትፎሊዮውን፣ ስናሰናዳ፣ ልጁ እዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ጠየቀኝ።

«ህዮንግ፣ የፌርማታው ሥራ ላይ የእርስዎንም ስም ልጻፍ?»

«ኧረ ተው፣ ይቅር» አልኩት። «አንተው ውሰደው።»

ሐበሻ የሆነ ሁሉ ይህ መልስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቤቱ የሄድንበት ሰው ብሉ ሲለን በልተን ነው የመጣነው እንላለን፤ አንጀታችን እየጮኸ። ሰውዬው በሞቴ ይላል፣ አፈር ስሆን ይላል፣ ያን ጊዜ እንጎርሳለን። እኔም «ይቅር» ብዬ በሞቴ እስኪለኝ ጠበቅኩ። ልጁ ጎንበስ አለ። «አመሰግናለሁ፣ ህዮንግ» አለና ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ መኪናው ሄደ።

አብሮኝ የሚኖረው ደባሌ የወሎ ልጅ ነው፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር። የሆነውን ስነግረው ጫማውን እያወለቀ ነበር፤ አንዱን ጫማ እንደያዘ ቀረ።

«ስንቴ ጠየቀህ?»

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ? ወላሂ፣ ይኼ ልጅ አላደገም! አንዴ ጠይቆ ቼክ አደረግሁ ነው እንጂ ጠየቅሁ ይባላል?»

እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ያም ሆኖ ቁጣዬ ያን ቀን ገና ጭስ ብቻ ነበር። በእኔ ፖርትፎሊዮ ላይ የልጁን ስም ከስሜ ጎን ጽፌ ላክሁት፤ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው እያልኩ።

የካቲት ላይ፣ ሁለታችንም ካመለከትንባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈልገው፣ ደብዳቤ ላከልኝ። ይኸው ሥራ በሌላ አመልካች ፖርትፎሊዮ ውስጥ የብቻው ሥራ ተብሎ ቀርቧል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲያብራሩ፣ ይላል። ጨዋ ደብዳቤ ነበር። እኔ ግን ፊቴ ሲግል ይሰማኝ ነበር። ሌባ መሰልኩ። በገዛ ማጅራቴ የተቃጠልኩበት ሐሳብ ላይ ሌባ መሰልኩ!

ማብራራት እችል ነበር። ሞዴሉ አልጋዬ ሥር ነው፤ የመጀመሪያው ንድፍ በእጄ ጽሑፍ አለ። አልመለስኩላቸውም። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ ከሕፃን ጋር የኔ ነው ያንተ ነው እያልኩ ልካሰስ? ኮራሁ። ሁለቱ ሳምንት አለፈና ማመልከቻዬን ዘጉት። ለልጁ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ሳገኘው እስቃለሁ፣ አክስቱ ደህና ናት ወይ እላለሁ፣ በሆዴ ግን ቂሜን እንደ ልጅ አቅፌ አሳድገው ነበር። ቀኑ ይመጣል እል ነበር። መጣም።

ሚያዝያ ላይ ልጁ ደወለልኝና ልጠይቅዎ የምፈልገው ነገር አለ አለኝ። ፌርማታው ጋ ና አልኩት፤ ሌላ ቦታ አላሰኘኝም። ጠዋት ነው፤ መኪናውን ማዶ ፓርክ አድርጎ መጣ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀብለውታል። አንደኛው ስሙ የገነነ ነው፤ ኮሪያ ውስጥ የአባቱ ጎረቤቶች ሁሉ ያውቁታል። ሁለተኛውን ማንም አያውቀውም።

«አባቴ፣ እዚያ ታላቅ ወንድም ካለህ እሱን ጠይቅ፣ እሱ ያለህን አድርግ አለኝ» አለ። «ህዮንግ፣ የትኛውን ልምረጥ?»

ልዩነቱን አሳምሬ አውቀው ነበር፤ ለራሴ ስል ክረምቱን ሙሉ ያጠናሁት እሱን ነው። ስሙ የገነነው የሚሰጠው የአራት ዓመት ዲግሪ ነው፤ በሱ ብቻ የአርክቴክት ፈቃድ አይገኝም፣ ላዩ ላይ ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት ማስተርስ መማር ያስፈልጋል። ያልታወቀው የአምስት ዓመት ነው፤ ጨርሰህ ስትወጣ ለፈቃዱ የሚጠየቀው ትምህርት ሙሉ ነው። ለዚህ ልጅ ደግሞ ዓመት ማለት ቀልድ አይደለም። አገሩ ውትድርና ይጠብቀዋል፤ ተማሪ ነኝ እያለ ያዘገየዋል እንጂ ለዘላለም አይሸሸውም። ሳይቆረጥ ለመጨረስ የሚያስችለው ያ ያልታወቀው ብቻ ነበር። የዲግሪዎቹን ልዩነት ግን እሱ አያውቅም። አባቱም አያውቅም።

«ትልቁን ምረጥ» አልኩት። «ስም ያለው ይሻልሃል።»

አየኝ። እኔም የብረቱን ጥላ አየሁ። ስለ ራሴ የማውቀውን እውነት ልናገር፤ ያን ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሁለተኛ ቢጠይቀኝ ኖሮ እውነቱን እነግረው ነበር። በልቤ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ጨምር ብዬዋለሁ። አልጨመረም። ጎንበስ አለ፣ ስልኩን አወጣ፣ እዚያው ፌርማታው ላይ ቆሞ ለትልቁ ትምህርት ቤት ቦታውን መቀበሉን ላከላቸው።

ደስ አለኝ። እንዲያው ዝም ያለ ደስታ እንዳይመስላችሁ፤ ቤት እስክገባ እያፏጨሁ ነው የሄድኩት። በገዛ ባህሪህ በላሁህ አልኩ። አንዴ ጠይቀህ ወሰድክብኝ፣ አንዴ ጠይቀህ ራስህን ሰጠኸኝ። ደባሌ ማታ ከሺፍት ሲመለስ ነገርኩትና አብሮኝ ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ።

«የሱ ነውርኮ አለመለመን ነው» አለኝ። «ያንተ ግን ሌላ ነው።»

ተናደድኩበት። ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ልጁ በነሐሴ ሄደ። ሆቴሉ ደግሞ መልሶ ጠራኝና ወንበሬን መደርደር ጀመርኩ። ጥቅምት ላይ፣ በእረፍት ሰዓቴ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባልተነሱ ጠረጴዛዎች መሃል ተቀምጬ ሳለሁ መልእክቱ ደረሰኝ። ረጅም ነበር። ዲግሪው ብቻውን እንደማይበቃ ገና አሁን እንደነገሩት ጽፏል፤ ማስተርሱ ሲጨመር ጊዜው ስለማይበቃው በመሃል አቋርጦ ወደ ውትድርናው መግባት ሊኖርበት ነው። ቀጥሎ ያለውን ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

«ህዮንግ፣ ይህን ሲሰሙ ራስዎን እንዳይወቅሱ ፈርቼ ነው እኔው ቀድሜ የነገርኩዎት። እርስዎም አያውቁም ነበር። ለእኔ ጥሩ ብለው ነው የመከሩኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ጨርቅ ገና የሰው ምግብ ነበረበት፤ እሱን እያየሁ ተቀመጥኩ። መልእክቱ አላለቀም ነበር። ወደ ውትድርናው ከመግባቱ በፊት ፖርትፎሊዮውን እንደ አዲስ እየሠራ ነው፤ ፌርማታውን ከሁሉ ፊት ሊያደርገው ነው። እንዲህ ይላል፦

«ያን ጊዜ ይቅር፣ አንተው ውሰደው ብለውኝ ነበር። እኛ ዘንድ ታላቅ እንቢ ካለ ደግሞ መጠየቅ ቃሉን መናቅ ነው፣ ስለዚህ ዝም አልኩ። ግን ሆዴ ውስጥ ቆየ። ነውር ከሆነ ይቅር ይበሉኝና፣ ሁለተኛ ልጠይቅዎ፤ ስምዎን ልጻፍ?»

ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ ነበር። ስሜ እንዲጻፍ ነው ከአገር የወጣሁት፣ ስሜ ስላልተጻፈ ነው ይህን ሁሉ ያደረግኩት። አስተባባሪው ከአዳራሹ በኩል እረፍት አለቀ እያለ ይጣራል።

«አይ፣ ይቅር» ብዬ ጻፍኩለት።

ከዚያ፣ በሞቴ እንዳይለኝ ፈርቼ፣ ስልኬን አጠፋሁት።