ከጎንህ ካለው ጋር አትተንፍስ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሰጡኝ መሣሪያ የሶፍት ካርቶን ነው። ወረቀቱ ያለቀ፣ ባዶው ጥቅል። አንድ ከረጢት ሙሉ።

ቦታው ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ፣ የአንድ ሃይስኩል ፓርኪንግ ሎት ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት። ልጆቹ ጥሩምባቸውን ይዘው በግማሽ ክብ ቆመዋል። በአንዱ ጫፍ ሶፕራኖዎቹ፣ ቀጥለው ሜሎፎኖቹ፣ ከዚያ ባሪቶኖቹ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ በትከሻ የሚሸከሙት ትልልቆቹ ኮንትራዎች። ድራም ኮር ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከበሮ፣ ባንዲራና የናስ ጥሩምባ ብቻ ነው፤ ክላርኔት የለ፣ ሳክስፎን የለ። ወጣቶቹ ሰመሩን ሙሉ እየተራመዱ ይነፋሉ፤ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይወዳደራሉ። የነፊዎቹን ሰልፍ ሆርንላይን ይሉታል።

እዚያ ያመጣኝ ዌይን ነው። የሆርንላይኑ አለቃ እሱ ነበር፤ በሳምንቱ ቀናት ግን የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። እኔ የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። መኪናውን የማቆምለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሣጥን አየሁና፣ «ባሪቶን ነው?» አልኩት።

«በምን አወቅህ?»

«በሣጥኑ።»

አገር ቤት ሳለሁ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ባሪቶን ነፊ ነበርኩ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ የኔ ትምህርት ቤት እሱ ነው። «አሁንስ ትነፋለህ?» አለኝ። የላይኛውን የፊት ጥርሴን አውልቄ አሳየሁት። ሰው ሠራሽ ነው። በመጣሁ በዓመቱ የፓርኪንጉ መዝጊያ እንጨት ሳላየው ወርዶ አፌን መታኝ። ናስ ደግሞ ጥርስ ይፈልጋል፤ ከንፈር የሚደገፈው ጥርስ ላይ ነው። የተገጠመ ጥርስ ስትነፋ ይነቃነቃል።

ዌይን ጥርሱንም እኔንም አየ። አልሳቀብኝም። «እንግዲያው እንካፈል» አለ፤ «እኔ ከአንገት በላይ አስተምራለሁ፣ አንተ ከአንገት በታች።» ከአንገት በላይ የሚሠራ ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ልነግረው ፈልጌ እንግሊዝኛው አልመጣልኝም። ተውኩት።

ካርቶኑ ለጉሮሮ ነው። ልጁ ካርቶኑን በከንፈሩ ይዞ አየር ሲስብ አፉ ከውስጥ ይሰፋል፣ ጉሮሮው ይከፈታል። በጠባብ አፍ የሚስብ ሰው ያፏጫል፤ አየሩ ደረቱ ላይ ይቀርና ትከሻውን ያነሳዋል። በሰፊ አፍ የሚስብ ሰው ግን ድምፁ ወፍራም ነው፤ አየሩ ይወርዳል፣ ወገቡ ዙሪያውን ይሰፋል። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነበር። ትከሻና ቀበቶ። ትከሻ ዝም ይበል፣ ቀበቶ ይጥበብ።

ልጆቹ ፊት ስቆም የፓርኪንግ እንግሊዝኛዬም ጠፋኝ። ቁልፍ፣ ቲኬት፣ ወደ ኋላ፣ ሌላ የማውቀው የለም። ዝም ብዬ «ሳብ» አልኩ፣ እጄን ወደ ላይ እያነሳሁ። ሳቡ። «ልቀቅ» አልኩ። ለቀቁ። በዚያው ቀረ። አራት ቆጥሮ ሳብ፣ አራት ቆጥሮ ልቀቅ። ከዚያ በሦስት፣ በሁለት፣ በአንድ። እነዚያ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ልጆች በአማርኛ ይተነፍሱ ጀመር። ዌይን ራሱ ስታዲየም ውስጥ «ሳብ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ «ሳ»ው ትንሽ ይረዝምበታል።

ወረቀትም ነበረን። አንድ ቅጠል ወረቀት ግድግዳ ላይ በትንፋሽ ብቻ ለጥፎ ማቆም። የሚወድቅበት ልጅ አየሩ ይቆራረጣል ማለት ነው። ቆመው ሲለምዱ እያራመድን፣ እየተራመዱ ሲለምዱ ደግሞ ወደ ኋላ እያስኬድን። እግር ሲመታ ሆድ እንዳይነጥር ነው ነገሩ ሁሉ። ይህ ቶሎ አይያዝም። ክረምቱ ሲገባ ጀምረን በረዶው ሲቀልጥ ይመጣል።

እንዲህ ስንል አንድ ቅዳሜ አንዲት ልጅ አጥሩ ጋ መጥታ ቆመች። ከፓርኪንጉ ማዶ አፓርትመንት አለ፤ ከዚያ ነው የመጣችው።

«ጋሼ፣ ሀበሻ ነዎት እንዴ?»

«ሌላ ማን ሳብ ይላል?»

«በመስኮት ስሰማ ያበድኩ መሰለኝ» አለች። «እኔ ስኩል ባንድ ውስጥ ባሪቶን እነፋለሁ። ሴት ትቀበላላችሁ?»

ሰሚራ ትባላለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወላጆቿ የወሎ ሰዎች፣ አባቷ አቶ ይማም ታክሲ ነጂ። የሚነፋ ሰው ሲመጣ ሰልፍ ውስጥ ቦታው ይታወቃል፤ ባሪቶኖቹ መካከል፣ ከቶሚ ግራ አቆምናት። ቶሚ ፀጉረ ቀይ ልጅ ነው፤ አፉ ከጥሩምባው ውጪም አያርፍም።

ሰመር ሲቃረብ አቶ ይማም ኮል አደረገልኝ። «ቤት ይምጡና እንነጋገር» አለኝ። ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ በቴፕ መንዙማ ተከፍቷል። ስገባ ቀነሰው፤ አላጠፋውም።

«ጋሼ ደምሴ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አለ። «ልጅቷ ሙዚቃ እማራለሁ ስትለኝ ፒያኖ መስሎኝ ነበር። በእኛ ሰፈር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። የሚነፋውም ማን እንደሆነ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። እኔም ነፊ ነኝ።»

«እርስዎማ ጦር ሠራዊት ነዎት።»

«ናሱ ያው ናስ ነው፣ አቶ ይማም።»

ፈገግ አለ። ሰሚራ ከኩሽና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች። «በአማርኛ» አላት።

«ከሁሉም በላይ የምወደው ነገር ነው አልኩ፣ አባ።»

ጆሮውን ወደ ቴፑ ጣለ። ካሴቱ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ቆይቶ፣ «ዘንድሮ ረመዳን ሐምሌ ላይ ነው» አለ። «ለታመመ ሰው እንደሚፈቀድ አውቃለሁ። ለጥሩምባ ብሎ መታመም ግን ሌላ ነው። በዚህ ነገር ወድቃ ጾሟን የፈታች ቀን ዕቃውን ትመልሳለች። ይህን ቃል ይግቡልኝ።»

ገባሁለት። እኔ በሰፈሩ አጠራር ጴንጤ ነኝ፤ ስለ ረመዳን ቃል የምገባ ሰው አልነበርኩም። ግን ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ረመዳን ገባ። የዚህን አገር ሐምሌ የምታውቁ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ቶሚ በመጀመሪያው ቀን «እኔም ከሰሚራ ጋር እጾማለሁ» ብሎ አወጀ። ረፋድ ላይ ዕቃችንን ከሚያመላልሰው ጭነት መኪና ኋላ ዶናት ሲበላ ተገኘ።

«ግማሽ ጾም ነው የጾምኩት» አለ።

«ግማሽ ጾም ምንድነው?» አለችው ሰሚራ።

«እስኪርብሽ ድረስ የሚጾም።»

ችግሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነበር። ሾውው ሲያልቅ ሶፕራኖዎቹ ወደ ቀጭኑ ድምፅ እየወጡ እየወጡ ይሄዳሉ፤ ባሪቶኖቹና ኮንትራዎቹ ከታች አንዲት ድምፅ ይዘው ይቆማሉ። ድምፁ ከማንም ሰው ሳንባ ይረዝማል። ስለዚህ በተራ ይተነፈሳል። ሕጉ አጭር ነው። ከጎንህ ካለው ጋር አትተንፍስ። ለመተንፈስ ከድምፁ ስትወጣ ቀስ ብለህ ውጣ፣ ስትመለስ ቀስ ብለህ ግባ። እንዲህ ከሆነ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይዟል፣ ድምፁም አይቆረጥም።

ሰሚራ አልተነፍስም አለች። እስከ መጨረሻው ጠብታ ትይዛለች፤ ሲያልቅባት ትከሻዋን አንስታ ትጎርሳለች። ያኔ ድምፁ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። ብነግራትም አልሰማ አለችኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ስትይዝ ቆይታ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ባሪቶኑን አቅፋ ነው የወደቀችው፤ እንዳይሰረጎድ።

ወደ ጥላ ወሰድናት። ቶሚ ውሃ ይዞ ሮጠ፤ አፏን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች። እርጥብ ፎጣ አንገቷና እጇ ላይ አደረግሁላት።

«ካስፈለገሽ ጠጪ፣ የኔ ልጅ። የገባሁትን ቃል እኔ ራሴ ሄጄ እመልሳለሁ።»

«ደህና ነኝ። ዞሮብኝ ነው።»

«ለምንድነው የማትተነፍሺው?»

«ጾመኛዋ ቀድማ ደከመች እንዲሉኝ ነው?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ዌይን ወደ ጎን ጠራኝ። ደግ ሰው ነው፤ ፊቱ ግን በድንጋጤ አመድ መስሏል። «ጾሙ እስኪያልቅ ታርፍ። ቦታዋን እዘጋዋለሁ» አለ። ሰልፍ ላይ ቦታ ከተዘጋ አካሄዱ ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራል። ለሰመሩ የተዘጋ ቦታ አይከፈትም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ልክ ነህ» አልኩት፤ ልክ ነበረና። «ግን የጣላት ጾሙ ብቻ አይደለም። ትንፋሿን አታካፍልም። ፀሐይ ላይ አታሰልፋት፤ አመሻሽ ላይ ጥላ ውስጥ እኔ ልያዛት። እስከ ቅዳሜው ሾው ስጠኝ።»

ሰሚራን ከሩቅ አየ። «ቅዳሜ አንድ ጊዜ ትከሻዋ ከተነሳ አወጣታለሁ፣ ደምሴ። አንተም አትለምነኝም።»

«አልለምንህም።»

በነጋታው ፀሐይ ስትበርድ ሰሚራንና ቶሚን ከጭነት መኪናው ጥላ ሥር አቆምኳቸው። ጥሩምባውን አስቀመጥን። ቶሚ ጎን ሌሎች ሁለት ባሪቶኖች ጨመርኩና ሦስቱን አንዲት ድምፅ በአፋቸው እንዲያንጎራጉሩ አደረግሁ። ሰሚራን ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳት።

ድምፁ ረጅም ሄደ። አስቆምኳቸው።

«ቶሚ መቼ ተነፈሰ?»

«አልተነፈሰም» አለች።

«ሦስት ጊዜ ተንፍሷል» አልኳት።

«አራት» አለ ቶሚ።

ዓይኗን ገለጠች። «ሁሌም እንዲህ ነው የምትተነፍሰው?»

«እና ዓሣ ነኝ?»

«ሁሉም ነው የሚተነፍሰው» አልኳት። «የማትተነፍሺው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ስታልቂ ነው የምትወጪው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ይሰማሻል። ገና ሙሉ ሳለሽ ውጪ። ሞልቶ የወጣ ሰው ማንም አያውቅበትም።»

«ሙሉ ሆኜ ድምፁን ቶሚ ላይ ልጣልበት?»

ቶሚ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ እኮ ከመጋቢት ጀምሮ አንቺ ላይ እየጣልኩ ነው» አለ።

እሷም ሳቀች። ያን ቀን ከሁሉም ቀድማ እንድትወጣ አዘዝኳት። መጀመሪያ ስትወጣ ፊቷ ቀላ፤ የሰረቀች ይመስል። በማግስቱ ግን ማን እንደወጣ እኔም መለየት አቃተኝ። አፏ ደርቆ ከንፈሯ ስለሚጣበቅ አጫጭር ልምምድ ብቻ ነበር የማሠራት፤ የቀረውን ጊዜ በትንፋሽ ብቻ ሠራን።

ቅዳሜ ሾውው ፌርፋክስ አካባቢ፣ የሃይስኩል ስታዲየም ነበር። የኛ ተራ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አጥሩ ጋ ቆሜ ሳለሁ አቶ ይማም መጣ። ታክሲውን ከውጭ አቁሟል። ሰላም አለኝና አጠገቤ ቆመ። ዌይን ከማዶ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ የሚያየው ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ።

መጨረሻው መጣ። ሶፕራኖዎቹ ወደ ላይ ወጡ፣ ታችኛዎቹ ድምፁን ያዙ። ዓይኔን ከትከሻዋ ላይ አላነሳሁም። ሰሚራ ቀድማ ከድምፁ ወጣች። ጥሩምባው አልተነቃነቀም፣ ትከሻዋ አልተነሳም፣ ወገቧ ሰፋና ተመልሳ ገባች። ቶሚ ወጣ። ገባ። ደግማ ወጣች። ድምፁ እንደ ወለል ተዘርግቶ ቆየ፤ አንድም ቀዳዳ የለው። ዌይን እጁን ፈታና ጭንቅላቱን ወደ እኔ ነቀነቀ። ያ ለሱ ብዙ ነው።

ሕዝቡ ሲያጨበጭብ አቶ ይማም፣ «ዝም ብላ ነበር» አለኝ።

«የት ላይ?»

«መጨረሻው ላይ፣ ሁለት ጊዜ። ልጄን ሳያት አላውቃትም? ድምፁ ግን አልቆመም። ማን ያዘላት?»

«ከጎኗ ያለው። እሷም ትይዝለታለች።»

ወደ ሜዳው ዞረ። «መንዙማ እንዲህ ነው» አለ። «አውጪው ሲያርፍ ተቀባዩ ይይዛል። እስኪነጋ የሚሄደው ለዚህ ነው። እኔ ጥሩምባ ሰው ብቻውን የሚነፋው ነገር ይመስለኝ ነበር።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ታክሲው ጋ ነበርን። ሰሚራ ባሪቶኑን በብብቷ ይዛ፣ ቶሚም እንደ ጥላ ተከትሏት መጣ። አቶ ይማም ሰማዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከመኪናው ውስጥ ቴምርና ውሃ አወጣ። ለልጁ ሰጣት። ቀጥሎ የቴምሩን ሣጥን ወደ ቶሚ ዘረጋ።

«እሱም ያፍጥር። ግማሽ ጾም ይጾማል አሉ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ነገ በስንት ሰዓት ላድርሳት?»

ሰሚራ በድራም ኮር የተፈቀደው ዕድሜ እስኪያልቅ ድረስ ከባሪቶኖቹ ጋር ተሰለፈች። በመጨረሻው ዓመት የትንፋሹን ልምምድ የምታሠራው እሷ ነበረች፤ በ«ሳብ» እና በ«ልቀቅ»። እኔ ጉልበቴ እስኪይዘኝ ሠራሁ። ጥርሴም እንደዚያው ነው።

አሁን በየቤተ ክርስቲያኑ ናስ የምታስተምሩ ልጆች አልፎ አልፎ ትጠይቁኛላችሁ። የማውቀው ይህን ያህል ነው። ትከሻ አይነሳም። ጉሮሮ ይከፈታል። ከጎንህ ካለው ጋር አትተንፍስ። ትንፋሽ የሚሳበው ሲያልቅ ሳይሆን ገና ሳለ ነው።