ለፋሲካ የተገዙ በሬዎች

ባለፈው ሳምንት ኦሎምፒያ መብራት ላይ ከፊታችን የቆመው አይሱዙ ፋጉሎ፣ ያን ከኑግ ዘይት የሚተርፈውን የከብት መኖ፣ ጭኖ ነበር። ሽታው በሚኒባሱ መስኮት ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ግን በሐሳብ የካዛንቺሱ ግቢያችን ውስጥ ገባሁ።

አባቴ ልኳንዳ ቤት ነበረው። ሁዳዴ ሲገባ ልኳንዳው ይዘጋል፤ ኪራዩ ግን አይጾምም። ስለዚህ እናቴ ከቅበላው ገበያ የጾሙን ወራት ኪራይ ለይታ በቆርቆሮ ታስቀምጣለች፤ የቀረው ለፋሲካ በሬ መግዣ ነው፤ ያኔ ደግሞ የበሬ ዋጋ አይቀመስም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ አባቴ አንድ ብልሃት ታየው። ጾሙ በገባ በሳምንቱ፣ ገዢ ጠፍቶ በሬ ሲረክስ፣ የኪራዩንም የመግዣውንም ገንዘብ ጠራርጎ ሦስት ሰንጋ እየነዳ መጣ። እናቴ ሰንጋዎቹን አየች፣ ባዶ ቆርቆሮዋን አየችና «ኪራዩስ?» አለች።

«ፋሲካ ሲመጣ በእጥፍ ይመለሳል፣ በቃ!» አላት።

ካዛንቺስ መሃል፣ ከልብስ ማስጫ ሥር ሦስት ሰንጋ ማሳደር ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም። ጎረቤት አንሶላውን ከቀንዳቸው ሲያላቅቅ ይውላል። በሬ ደግሞ ይበላል፤ የእናቴ የጆሮ ወርቅ ሳይቀር ጭድና ፋጉሎ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ሀብታም ሆናችሁ ይለናል፣ እኛ ሽሮ በዱቤ እንወስዳለን። አንዱን እንዳንሸጥ የሚመጣው ጠያቂ ከገዛንበት በታች ይጠራል፣ አባቴም ኩሩ ነበር። ዛሬ ባንክ ተቀምጬ መጋዘኑ ሞልቶ ደሞዝ መክፈል ያቃተው ነጋዴ የሥራ ማስኬጃ ብድር ሲጠይቀኝ፣ የሚታዩኝ እነዚያ ሰንጋዎች ናቸው።

አከራያችን እትዬ አስካለ ብዙ ታገሡና ልኳንዳ ቤቱን ቀድሞ ለከፈላቸው ሌላ ነጋዴ ሰጡት። ክፉ አልነበሩም፤ እሳቸውም የሚያድሩት በዚያችው ኪራይ ነበር። መሸጫም መኖም ያጣው አባቴ፣ የፋሲካው ገበያ ገና ሳይሞቅ ሦስቱንም ለዚያው ነጋዴ ሸጦ ዕዳችንን ከፈለ፤ ራሱም እዚያው ሥጋ ቆራጭ ሆኖ ተቀጠረ። የእኛ ልኳንዳ በዚያው ቀረ፣ በኋላም ሰፈሩ ፈረሰ፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የፋሲካው ዕለት ጠዋት ነው።

እናቴ ሥጋ ግዢ ብላ ላከችኝ። ተራዬ ሲደርስ አባቴ በነጭ ጋወኑ ጎንበስ ብሎ «ስንት ልመዝንልሽ፣ የኔ እመቤት?» አለኝ፣ እንደ ማንኛዋም ደንበኛ።

«አንድ ኪሎ።»

መዘነ። ከጎኑ አንዲት ቁራጭ ምርቃት ጣል አደረገ። ወዲያው ወደ ልኳንዳው ባለቤት ዞር ብሎ አየና ቁራጯን መልሶ አነሳት።