የአስተማሪዬ ድርሰት

ሞጣ ኮሌጅ ሳለሁ በላይብረሪው ጥግ ተማሪ ተማሪን የሚያግዝበት አንድ ጠረጴዛ ነበር። ግጥም እንደምሞክር ስለተወራብኝ ጽሑፍ የከበዳቸውን ወደ እኔ ይልኳቸዋል። ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ እየጻፍኩና እየቀደድኩ ነው የተማርኩት። ለሌላ ሳስረዳ ግን ለራሴም ይገባኝ ስለነበር ጠረጴዛውን እወደዋለሁ።

አንድ የክረምት ከሰዓት እርዳታ ፈልገው የመጡት ቢቸና አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር ሆነው አረፉት። ዲግሪያቸውን በክረምት ትምህርት ሊጨርሱ የቀራቸው የጽሕፈት ኮርስ ብቻ ነው። አንዴ ወድቀውበታል። ከደገማቸው ትተውት ወደ ቤታቸው ሊገቡ ወስነዋል። ሳያቸው ብድግ አልኩ።

«ተቀመጥ እንጂ፤ አሁን አስተማሪው አንተ ነህ» አሉኝ። «በጥፊ እንዳትለኝ ብቻ።»

«እርስዎ በጥፊ አይመቱም ነበር፤ ጆሮ ነበር የሚቆነጥጡት።»

«ምነው ይህን እንኳ ብትረሳው።»

የታዘዙት የማይረሱትን አንድ ቀን እንዲጽፉ ነው። ወረቀቱን ዘረጉልኝ። «ትዝታ ማለት ያለፈን ነገር በአእምሮ መልሶ ማየት ነው» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የትዝታ ዓይነቶች፣ ከዚያ የትዝታ ጥቅሞች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ኖት ሲጽፉ ኖረው እጃቸው ሌላ መንገድ አያውቅም። የታዘዙት ቀን ግን የለበትም።

እኩያዬ ቢሆን «ይሄ ኖት ነው» ብዬው እስቅ ነበር። እሳቸውን ግን «ቲቸር፣ መጀመሪያ ያስተማሩበትን ጊዜ ያስታውሱታል?» አልኳቸው።

ከየጁቤ ወዲያ፣ ዓባይ አፋፍ ላይ ባለች መንደር ነው አሉኝ። ሰሌዳ አልነበረም። አንድ ገበሬ የቤቱን በር ነቅሎ አመጣ፤ በባትሪ ከሰል አጠቆሩት። ሲመሽ ጅብ ስለሚያሰጋ በሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በማግስቱ ጠዋት ሲመጣ የትናንቱ ፊደል እንዳለ ነው። የገበሬው ሚስት በኩራዝ ሲያዩት አምሽተው ከሥሩ በነጭ አፈር ለመድገም ሞክረዋል። «ለ» እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ነበር።

«ይህንን ይጻፉት» አልኳቸው።

«ይሄማ ወሬ ነው። ወሬ ማርክ ያሰጣል?»

«የጠየቁዎት እሱን ነው፣ ቲቸር።»

ጻፉት። ይዘውት ሲመጡ በሩም ፊደሉም አለ፤ ከላይ ግን ያ «ትዝታ ማለት» ተኮፍሶ ተቀምጧል። «ይሄ ይቅር» አልኳቸው። ያለ ትርጉም የሚጀመር ትምህርት የለም አሉ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ቀይ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

«የእኔ እጅ እምቢ ይላል። አንተ ሰርዘው።»

እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ልጅ ሆኜ አስመስዬ ለመጻፍ እታገል የነበረው ያን የእጅ ጽሑፍ ነው። ሰረዝኩት፤ መስመሩ ተወላገደብኝ።

«በማስመሪያ ብታደርገው ምን ነበረበት» አሉና ወረቀቱን ወስደው ሊገለብጡ ተቀመጡ።

ሲ አገኙ። እኔ ተናደድኩ፤ ያ በር ከሲ ይበልጣል ብዬ የኮርሱን መምህር ላናግር ተነሳሁ።

«አርፈህ ተቀመጥ» አሉኝ። «አልፈናል እኮ።»