በማሳው እለፉ

ሰው ሁሉ እርሻውን ከዘራ በኋላ መንገደኛ ያባርራል። አጎቴ ግን ይጠሩ ነበር። ጤፍ በዘሩ ማግስት ማሳቸው ዳር ይቆሙና ቆዳ ጭነው ወደ አዳማ ባቡር ጣቢያ የሚወርዱትን ነጋዴዎች "ከነአህዮቻችሁ በማሳው እለፉ!" ይሏቸዋል።

"ዘርዎን እንዳናጠፋብዎ፣ አባባ?"

"ጤፍ አፈሩ ካልተረገጠለት ሥር አይሰድም፤ እለፉ!"

ነጋዴዎቹ ካለፉ በኋላ አጎቴ አፈሩን በተረከዛቸው ጫን ያደርጉታል። ካልሰመጠ "በቃ፣ ያዘ" ይላሉ።

ዘንድሮም በሐምሌ ዘርተው ተኙ። ጠዋት ግን አልተነሡም።

አስከሬናቸውን የተሸከመው ለቀስተኛ ማሳው ጋ ሲደርስ፣ ዘሩን ላለመርገጥ ዞሮ ሊሄድ ፈለገ። እኔ ከሴቶቹ መሃል ወጥቼ "በማሳው እለፉ!" አልኩ። አንድ ሽማግሌ "ምን ነካሽ፣ አንቺ ልጅ?" ብለው ተቆጡኝ። ቆዳ ነጋዴዎቹ ግን እያለቀሱ ቀድመው ገቡ፤ አገሩ ሁሉ ተከተላቸው።

ለአርባቸው ስመጣ ማሳው ዳር ቆሞ የሚጠራኝ አልነበረም። ጤፉ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል በቅሏል። ቁጭ ብዬ አንዷን ቡቃያ ሳብ አደረግኋት። አልነቀል አለችኝ።

"በቃ አጎቴ፣ ያዘ" አልኳቸው።