የየሺን ባነር ማን አሠራው?

ረቡዕ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ቢቸና

ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም፤ የሚነሳ ካልመሰለው ደግሞ ሰው አይገባበትም። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ የመናኸሪያ ሕግ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ብብቴ ሥር የተጠቀለለ የፕላስቲክ ባነር ይዣለሁ፤ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር የሚሆን የአክስቴ ልጅ ፊት ነው።

የአክስቴ ልጅ ሲስተር የሺ ቢቸና የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ዘንድሮ ለከተማው ምክር ቤት በግሏ ትወዳደራለች። የምርጫ ምልክቷ ጀሪካን ነው። የማዋለጃ ክፍሉ ውኃ ስለሌለው፣ ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ አስታማሚዋ ጀሪካን ተሸክማ ትከተላለች። የሺን ለውድድር ያስነሳትም ይኸው ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ፣ ከተማው ውስጥ ሦስት ቦታ የራሷ ባነር ተሰቅሎ አገኘች። ደጋፊዎቼ አዋጥተው ነው ብላ ደስ አላት። እነሱን ስትጠይቅ ደግሞ፣ "እኛ አንቺ ያሠራሽው መስሎን!" አሏት።

ሰኞ ዕለት ምርጫ ጽሕፈት ቤት ጠራት። ስሙ ካልታወቀ ሰው ስጦታ መቀበል ክልክል ነው። እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት የሰጪውን ስም ከነፊርማው ካላመጣች ከውድድሩ ትሰረዛለች። እኔ ማክሰኞ ከደብረ ማርቆስ በሉማሜና በደጀን አድርጌ ልጠይቃት ብመጣ፣ ሥራ ፈት ሰው አገኘችና ላከችኝ።

"ባነሩ ላይ ያለውን ፎቶ የተነሳሁት ከሞጣ ሆስፒታል ስዛወር፣ ከሸኙኝ ሰዎች ጋር ነው" አለችኝ። "ያሠራው ሰው ሞጣ ነው ያለው። እኔ ተረኛ ነኝ፤ ጋሼ፣ በሞቴ አንተ ሂድልኝ።"

ደብረ ወርቅ፣ 2 ሰዓት

ቁርስ። ረቡዕ ነውና ሽሮ፣ በመቶ ብር። ቃሪያው ያለ ዋጋ ነው የቀረበው፤ የሚያቃጥለውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

"ምንጣፍ ነው የያዙት?" አለኝ ሾፌሩ።

ባነሩን ዘርግቼ ታሪኩን ነገርኩት። ባልነግረው ይሻለኝ ነበር።

"ተፎካካሪዎቿ ናቸዋ!" አለ እየጎረሰ። "ራሳቸው ሰቀሉ፣ ራሳቸው ከሰሱ። አለቀላት በሉኝ።"

ይህን አስቤው አላውቅም። እውነት መሰለኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ባለ ጥምጥም መሪጌታ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሰጥቶ ዝም ያለ ሰው ዋጋው ከላይ ነው። አንተ ስሙን ስታስወጣ ዋጋውን ታሳጣዋለህ። አይከብድህም ልጄ?"

ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ "ልጄ" መባሌ ደስ አለኝ። ጥያቄው ግን ከበደኝ።

"መሪጌታ፣ ለሠርግ የሰጠ ሰው ስሙ በደብተር ይጻፍ የለም እንዴ?" አለ ሾፌሩ።

"እሱማ ነገ እንዲመለስለት ነው የሚጻፈው" አሉ መሪጌታ፤ ተነስተው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ አንዴ ደህና፣ አንዴ ጉድጓድ ነው። የጤፍ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ከረጢት የተጫኑ አህዮች። በግራችን ጮቄ ደመና ለብሷል። እኔ ግን አገሩን ማየት አቅቶኝ ሾፌሩንና መሪጌታን እመዝናለሁ፤ አንዱ ሲያሳምነኝ ሌላው ያፈርስብኛል።

ሞጣ፣ 5 ሰዓት ተኩል

ሞጣም ግድግዳው ሁሉ እጩ ነው። ሁሉም ፈገግ ብለዋል፤ ለፈገግታቸው ማን እንደከፈለ የሚናገር አንድም የለም። ገበያው ውስጥ ያለፈው ምርጫ ባነር የሽንኩርት ጥላ ሆኗል፤ እጩው ተዘቅዝቀው ሽንኩርቱን ይመርቃሉ።

የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት "የኛ አይደለም" አለኝ። በሁለተኛው፣ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ገና ስዘረጋው ሳቀች።

"የኔው ሥራ ናት። ከጀርባዋ የነበረውን ሰው ሁሉ ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"ማን አሠራው?"

"አልናገርም፤ አስምለውኛል" አለችና ፊቴን አይታ አዘነች መሰለኝ ስልኳን አነሳች። "ቆይ፣ ልደውልላቸው። ከፈለጉ ራሳቸው ይንገሩዎት።"

ሞጣ፣ 9 ሰዓት

ሰውየው ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ፤ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከሶላት መልስ ሱቃቸው ውስጥ፣ በጣቃዎቹ መካከል በርጩማ ሰጡኝ።

"ሦስት የልጅ ልጆቼን ያዋለደች እሷ ናት" አሉኝ። "ለኢድ ቤቴ ሳትመጣ የቀረችበት ጊዜ የለም። ለእሷ ብለን አንዱን በግ በክርስቲያን ጎረቤት እናሳርዳለን። ቢቸና ከተዛወረች ወዲህም ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ልትወዳደር ነው ሲሉ ሰማሁ፣ አሠራሁ፣ አሰቀልኩ። ይኸው ነው።"

"ታዲያ ለምን ደበቋት?"

"ሰጥቶ ማስወራት ነውር አይደለም?" አሉና ጣቃውን በመዳፋቸው ዳበሱ። "ደግሞ ነጋዴ ነኝ። ማን እንደሚያሸንፍ አላህ ያውቃል። ነገ ሌላው ወገን ወንበሩን ይዞ ስሜን ቢያይ…"

"ዋናው ምክንያት የትኛው ነው፣ ሐጂ?"

"እሱን እኔም ለይቼ አላውቀው።"

በዚህ መልስ ወደድኳቸው። በሁለት ቀን ውስጥ እንደኔ ግራ የገባው ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ምርጫ ጽሕፈት ቤቱ የሰጣትን ቅጽ አውጥቼ አነበብኩላቸው፤ ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ የስጦታው ዓይነትና ዋጋ፣ ፊርማ፤ ከሥሩም "ቅጂው ለሕዝብ ይለጠፋል" ይላል።

"ባልፈርምስ?"

"ትሰረዛለች።"

"ውኃውስ?"

"እኔ እንጃ።"

መነጽራቸውን አደረጉና ቀስ ብለው ፈረሙ። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"አንድ መልእክት አድርስልኝ። ከእንግዲህ ቤቴ እንዳትመጣ። ለኢድም ቢሆን።"

"ተቀየሟት እንዴ?"

"ምን ቅያሜ አለ! እስከ ዛሬ ዘመድ ነበርን። ይህ ወረቀት ከተለጠፈ በኋላ ቤቴ ስትገባ ያየ ሰው፣ የባነሩን ውለታ ልትመልስ መጣች ነው የሚለው። ተመርጣ ስሟ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።"

ልከራከራቸው ፈለግሁ። ግን እውነት አላቸው፤ እንዲህ ያለ እውነት ደግሞ ደስ አይልም። ሞጣ አደርኩ።

ሐሙስ፣ 10 ሰዓት፣ ቢቸና

ጎማ ፈንድቶብን ዘግይተን ገባን። የሺ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ ስሙን ስታነብ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"ሐጂ! የኔ አባት! ለኢድ ልጆቹን ይዤ ሄጄ ጉልበታቸውን ነው የምስመው!"

መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደምነግራት ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት።

"እንዳትመጣ ብለዋል" አልኳት። ምክንያታቸውንም ነገርኳት።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ።

"ልስጠው ወይስ ልተወው፣ ጋሼ?" አለችኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ጠቋሚ ዱላ ይዤ አህጉር ሳሳይ የኖርኩ ሰው፣ "ወደዚህ ሂጂ" ማለት አቃተኝ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሰው ተደግፋ በመንገዱ ታልፋለች፤ ኋላዋ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን አዝላለች። የሺ በዓይኗ ተከተለቻቸው። ከዚያ ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ጠርጋ ገባች።

ጸሐፊው ማኅተም መታና ቅጂውን ውጭ ባለው ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ደንቡ ነው፤ ሕዝብ ማወቅ አለበት። እኔም እንደዚያው አምናለሁ። ወዲያው ጃንጥላ የያዙ አንድ ሰው ተጠግተው፣ በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ።

"ሐጂ እንድሪስ፣ ነጋዴ፣ ሞጣ። ከሞጣ ድረስ! ምን ፈልገው ነው?"

"ምንም አልፈለጉም" አለች የሺ።

ሰውየው ዞር ብለው አዩዋት፤ አወቋት። በክፋት አልነበረም የሳቁት።

"እንዴ ሲስተር፣ ምንም ያልፈለገ ሰው ስሙ እዚህ ምን ይሠራል?"