የገዛ ሚስቱን በአስተርጓሚ

ሰፈርተኛው መርፌው ይለዋል። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ነገሩም ይወጋል። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ሱሪ ሲያሳጥር፣ የሰው ኮት ሲያጠብ ኖሯል። ሱቁንና ቤቱን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። በቅናት ግን ታምቶ አያውቅም ነበር፣ ሚስቱ ሃምሳ ዓመት ደፍና የማታ ትምህርት እስክትገባ ድረስ።

የገባችው የውጭ ቋንቋ ልትማር ነው። ልጃቸው ባሕር ማዶ አግብቶ ወልዷል፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ከአያቶቹ ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቅም። በስልክ እየተያየን እስከ መቼ ዝም ብለን እንሳሳቃለን ብላ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ይሄ አልከፋውም። የከነከነው መምህሩ ነው። ሻርፕ የሚጠመጥም፣ መለሎ፣ ሽበቱ እንኳ የሚያምርበት፣ ይባስ ብሎ ሚስት የሌለው! እሷ ከክፍል ስትመለስ ፊቷ ወገግ ብሎ ነው። መምህሩ እንዲህ አለ፣ መምህሩ እንዲያ አለ። አንድ ጊዜ ሰውየው ሱሪ ሊያሳጥር ቢመጣ፣ መርፌው ሆነ ብሎ አንዱን እግር ከሌላው አሳጠረበት። መምህሩ አመስግኖ፣ ለብሶት ሄደ። ይሄም አናደደው።

አመሻሽ ላይ እሱ ማሽኑን ሲረግጥ፣ እሷ በመጋረጃው ብቅ ትልና አጠገቡ ተቀምጣ በዚያው ቋንቋ ታወራለች። የቤት ሥራዋ መሆኑ ነው። እሱም ዓይኑን ከስፌቱ ሳይነቅል «እህ፣ ጎበዝ» ይላታል። አንዳንዴ ድምፅዋ ይሰበራል። ትምህርቱ ከብዷት ይሆናል ብሎ ያልፈዋል።

ታዲያ አንድ ቀን መምህሩ፣ ሰው ቋንቋን እንዴት እንደሚለምድ የሚመክር የምሁራን ጉባኤ ስላለ መጥተሽ በተማርሽው ቋንቋ የራስሽን ተሞክሮ ተናገሪ አላት። መርፌው ሱቁን ዘግቶ ተከተላት። መምህሩና እሷ እዚያ እንዴት እንደሚሆኑ በዓይኔ በብረቱ አያለሁ ብሎ ነው።

በር ላይ የትርጉም ማዳመጫ ሰጡት። የገዛ ሚስቴን በአስተርጓሚ ልሰማ? ብሎ ጭኑ ላይ አኖረው። እሷም ከመድረኩ ሆና ያንን አይታለች።

መናገር ጀመረች። አዳራሹ ሳቀ። መምህሩም አንዱ እግሩ ባጠረ ሱሪው ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የመርፌው አንጀት ድብን አለ። እቤት እንዲህ አስቃኝ ታውቃለች? ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ደግሞ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ መምህሩም አቀረቀረ። ይሄንንስ አልቻለውም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋው። ጎርናና የወንድ ድምፅ ሚስቱን ሆኖ ያወራል፦

«መምህሬ ፊት አፌ ይያዛል፤ እንዳያርመኝ እፈራለሁ። የለመድኩት ከባለቤቴ ጋር ነው። ምንም ስለማይገባው አላፍርም። በቋንቋችን ልነግረው ያቃተኝን ሁሉ በዚህኛው ነገርኩት። አንድ ቀን፣ ደንበኛ ሲገባ ብድግ ትላለህ፣ እኔ ስገባ ግን ቀና እንኳ አትልም አልኩት። ጎበዝ አለኝ።»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ። መርፌው አልሳቀም። መምህሩን ከነሻርፑ ረሳው። አሁን የቀናው በዚያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ይሄ ሁሉ ሲነገረው ማሽን ላይ ተደፍቶ በኖረው በዚያ ደንቆሮ ሰውዬ። የሰማው እሱ ነው፤ ያልሰማውም እሱ ነው።

መንገድ ላይ፣ አላዳመጥክም አይደል አለችው። ምን ይገባኛል ብሎ ዋሻት።

ሱቁን ከፍቶ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይታ በመጋረጃው ብቅ አለች። መርፌው ብድግ አለ። መቀሱ ከጭኑ ወደቀ፤ አላነሳውም። እሷ በሩን ዞር ብላ አየች፤ ማንም አልገባም።

«ሰምተሃል» አለችው።

«መጨረሻውን ብቻ» አለና ወንበሩን ሳበላት። «የቀረውን ንገሪኝ። ያ ሁሉ ሰው የሰማውን እኔ ብቻ ሳልሰማ ልቅር?»

ልትናገር አፏን ከፈተች። በቋንቋቸው አልወጣላትም። ጣቶቿን እያፍተለተለች አቀረቀረች።

«በዚያኛው ይሁን፤ ግን ቀስ እያልሽ» አላት።

ቀስ ብላ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። አንድም ቃል አልገባውም፤ ከንፈሯን ግን እስክትጨርስ ድረስ አየ። ጎበዝም አላላትም።

«ድገሚው» አላት።