ሃያ ሲሞላ

በሆስፒታሉ ግቢ፣ ዳሱ ስር ያሉ አስታማሚዎች ጨዋታቸው ቀላል ነው። ዳይሷን የፈለግከውን ያህል እየጣልክ ትደምራለህ፤ አንድ ከወጣች ግን በዚያ ተራ የሰበሰብከው ሁሉ ይቃጠላል። ቀድሞ መቶ የሞላ ያሸንፋል።

ድንቅቱ እናቷን ልታስታምም አምቦ ከመጣች ጀምሮ አንድ ሰውዬ ዳሱ ስር ታያለች። አረንጓዴ የደን ጥበቃ ካፖርቱን በዝናብም በፀሐይም አያወልቅም፤ ከደረት ኪሱ የሴት ማበጠሪያ ብቅ ብሏል። ዳይሷን ከጭልሞ ደን ጽድ የጠረባት እሱ ነው። ግን አይጫወትባትም፤ ከጎን ሆኖ ይመክራል እንጂ።

"ሃያ ከሞላልሽ አቁሚና ተራውን ልቀቂ" ይላል። "ከዚያ በላይ የሚጣለው ሌላው ዘጠና ደርሶ ሲያስጨንቅሽ ብቻ ነው። ደሞ አንድ እስካሁን ስላልወጣች አሁንም አትወጣም አትበይ፤ ዳይስ ያለፈውን አያስታውስም።"

ድንቅቱ ምክሩን ሰምታ ሁለቴ አሸነፈች።

"ኦቦ፣ እርስዎስ ለምን አይጥሉም?" አለችው።

"እኔማ ማቆም አላውቅበትም፣ ልጄ።"

ነርሷ ከዋርዱ በር ብቅ አለች። ትናንትም ከትናንት ወዲያም ያለችውን ልትደግም ነው የመጣችው።

"አባባ፣ ሐኪሙ የነገሩዎትን ሰምተዋል እኮ። ለባለቤትዎ እዚህ የምናደርግላቸው ነገር አልቋል። ቤታቸው፣ ልጆቻቸው መሃል ቢሆኑ ይሻላል።"

ጨዋታው ቆመ። ሰውየው የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈና ማበጠሪያውን ወደ ኪሱ ውስጥ ገፋ።

"አንድ ቀን ብቻ" አላት። "አንዲት ቀን ጨምሩልኝ።"